ከእሳቱ በፊት ውሃ

ድረምኪል፣ አየርላንድ
ጁላይ 8 ቀን 1922

ውድ እህቴ ዴሊያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምጽፈው ነገር ስለሚያስፈራኝ ነው። ባልሽ ሲድኒና ሕፃኑ እንደምን አሉ? እማ ጉልበቷ ብሶባታል እንጂ ደህና ናት። የላክሽላት ካልሲ ልክ ሆኗታል። በር ትንሽ ሲንቋቋ “ማን ነው?” ትላለች፤ ነፋስ ነው እላታለሁ። አንዳንዴም በእርግጥ ነፋስ ነው።

የጠየቅሽኝ እውነት ነው። ደብሊን ያለው ትልቁ መዝገብ ቤት በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል ነደደ። ከዚያ የመጣ ሰው እንዳወራልን፣ የተቃጠለ ወረቀት ከከተማው ውጪ ባሉ መንደሮች ሁሉ ላይ ሲዘንብ ነበር። ወሬው የደረሰን ቢሮ ተቀምጠን ነው። አለቃዬ ሚስተር ፌዘርስተን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የአውራጃው ጸሐፊ ሆነው እስኪያረጁ ሲያገለግሉ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

“ወይዘሪት ዊኒ፣” አሉኝ በኋላ፣ “ኑዛዜውን፣ የጥምቀት መዝገቡን፣ ሁሉንም ‘ደብሊን ይሻለዋል’ ብዬ በገዛ እጄ አሽጌ የላክሁት እኮ እኔ ነኝ። አሁን የዚህ አውራጃ ሰው መኖሩን የሚመሰክር ነገር የቀረው ከእግራችን በታች ያለው ብቻ ነው።”

“ከእግራችን በታች” ያሉት የፍርድ ቤቱን ምድር ቤት ነው። አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትፈሪው የነበረው ያ ጨለማ፣ አሁን ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የመሬት ውሉ፣ የችሎት መዝገቡ፣ በረሃቡ ዘመን የድሆች መጠለያ የገቡት ሰዎች ስም፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሽማግሌዎች ጡረታ ለመጠየቅ ሰባ ዓመት እንደሞላቸው ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከአሁን በኋላ ደግሞ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

ዴሊያ፣ ሰኞ ዕለት የመንግሥት ወታደሮች ከተማችን ገቡ። ሁለቱ ፍርድ ቤቱን በገመድ እየለኩ ዞሩት። ለምን እንደሚለኩት አልጠየቅሁም። የጦር ሰፈር ሊያደርጉት ነው ይባላል፤ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ስምምነት አንቀበልም ያሉት፣ ተራራ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ወታደር ሊገባበት የታሰበን ሕንፃ ሁሉ ቀድመው እያቃጠሉ ነው። ወታደሮቹም እነሱም ባለፈው ዓመት አብረው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያደሩ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ስለ ወንድማችን ማላኪ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ሥራ ይዟል። እንደ ድሮው አይመጣም እንጂ ደህና ነው።

እህትሽ ዊኒ


ሊቨርፑል
ጁላይ 15 ቀን 1922

ዊኒ፣

“ሥራ ይዟል” ትይኛለሽ? አንቺ ልጅ፣ እኔን ማን አድርገሽ ነው? ዓሣ ልገዛ ወደብ ወርጄ፣ ከሚሠራበት የከብት መርከብ ላይ የድረምኪሉ የታርፒ ልጅ ሲወርድ አገኘሁት። “ወንድምሽ ጠመንጃ ይዞ ተራራ ላይ ነው፣ ጢምም አብቅሏል” አለኝ፣ ያውም እየሳቀ። ዓሣውን ትቼው መጣሁ። ሲድኒ ራቱን ድንች በቅቤ በላ፤ ምን ሆንሽ ቢለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኩት።

ለምንድን ነው የደበቅሽኝ? እንዳልጨነቅ ብለሽ ከሆነ፣ ይኸው ብቻዬን ተጨነቅሁ።

እማን ይዘሽ ነይ። አንድ ክፍል እንለቅላችኋለን። ሲድኒ ያንኮራፋል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። እማ “ባሕር አልሻገርም” ካለችሽ፣ የልጅ ልጇን ሳታይ ልትሞት ነው ወይ በያት። ሚስተር ፌዘርስተንን አውቃቸዋለሁ፣ መልካም ሰው ናቸው፤ ግን ዘመድ አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፣ ነገሩ ሲከፋ ባቡር ይሳፈራሉ። አንቺ የዚያን ጉድጓድ ቁልፍ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ትቀሪያለሽ። ወረቀት ነው እኮ፣ ዊኒ። ወረቀት አይርበው፣ አያለቅስ።

ስለ ማላኪ እውነቱን ጻፊልኝ። ማንን ነው የሚከተለው? ያ ማክኒፍ የሚባለው ሰውዬ ነው እንዳትይኝ ብቻ።

ዴሊያ


ድረምኪል
ጁላይ 30 ቀን 1922

ዴሊያዬ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ ወታደሮቹ እየከፈቱ ያነባሉ። የታርፒ ልጅ ካልሲው ውስጥ አድርጎ ያመጣልሻል። እንዳነበብሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

አዎ፣ ማክኒፍ ነው። ይቅር በይኝ።

ዛሬ እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዶ፣ እኔ እማን አሟት ቤት ቀርቼ ነበር። ማላኪ በጓሮ በር ገባ። እማ ተኝታለች፤ አልቀሰቀስናትም። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ዳቦ በላ። ከስቷል። ጢሙ ደግሞ አያምርበትም፤ ነገርኩት፣ ሳቅ አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ።

“ዊኒዬ፣ ስሚኝ። ወታደሮቹ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሳይገቡ እናቃጥለዋለን። በሚመጣው ወር ውስጥ ነው። ቀኑን አልነግርሽም፣ እኔም በእርግጠኝነት አላውቀውም። ሰበብ ፈልጊና ሥራሽን ተይ።”

“ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውስ?”

“እዚያ ደግሞ ምን አለ?”

“ሁላችንም አለን።”

“እኔ የለሁም፤ እኔ ተራራ ላይ ነኝ” ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ፣ አጥብቆ።

“አንዲት መዝገብ ከዚያ ቤት ብትወጣ፣ ማክኒፍ ‘ማን ነገራት?’ ይላል። አንቺ እህቴ እንደሆንሽ ያውቃል። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ አጎቱን ‘ከቤትህ ውጣ’ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።”

“ያ ልጅ አሁን የት አለ?” አልኩት።

ዳቦውን ማኘክ አቆመ። ቁራሹን ኪሱ ከተተና በመጣበት በር ወጣ።

ታዲያ ምን ላድርግ? መዝገቦቹን ባወጣ ወንድሜን እገድለዋለሁ። ዝም ብል ያ ሁሉ ሰው ይነዳል። ሰዎቹ እርግጥ ድሮ ሞተዋል፤ ግን ሁለተኛ ሲሞቱ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ልመለከት ነው። ሚስተር ፌዘርስተን “ፊትሽ ገርጥቷል፣ ሐኪም እዪ” ይሉኛል። ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ወታደሮቹ ቢሰሙ ደግሞ አድፍጠው ይጠብቃሉ፣ መጀመሪያ የሚመቱትም ማላኪን ሊሆን ይችላል። ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲጎተት እደነግጣለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ፣ ምን ያውቅ ይሆን እላለሁ።

አንቺ ሁልጊዜ መላ አታጪም። አንድ ነገር በይኝ።

ዊኒ


ሊቨርፑል
ኦገስት 4 ቀን 1922

ዊኒ፣

አቃጥዬዋለሁ። አመዱንም በተንኩት።

መጀመሪያ “ምንም አታድርጊ፣ ይቃጠል” ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ያንንም ቀደድኩት። አውቅሻለሁ፤ እሺ ትይኝና እዚያው ምድር ቤት ገብተሽ ትቀመጫለሽ። ማላኪም ሊያወጣሽ ሲል ይገባል፤ ከሁለት አንዳችሁን ሳይሆን ሁለታችሁንም ነው የማጣው። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

መዝገቦቹ የሚወጡበት ሰበብ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው፣ ማክኒፍም ወታደሩም የማይጠረጥሩት ሰበብ። ዳኞቹ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ ምድር ቤቱን አቋርጦ አይደል የሚያልፈው? አባታችን እዚያ የዘበኝነት ሥራ በነበረው ጊዜ ጭንቅላቱን ሲመታበት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሲድኒን ቡና ቤት ከመሄዱ በፊት እንዲሁ በጨዋታ ጠየቅሁት። ቧንቧ ሠራተኛ ስለ ቧንቧ ሲጠየቅ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ደስ ብሎት ነው የሚናገረው። የቆየ ቧንቧ የሚለቀው መጋጠሚያው ላይ ነው አለኝ። ጨርቅ ጠቅልለሽ በመፍቻ ያዢው፣ ቀስ ብለሽ ወደ ግራ አዙሪው፤ ጨርቁ ጭረት እንዳይታይበት ነው። መንጠባጠብ ሲጀምር ተይው፣ የቀረውን ውሃው ራሱ ይጨርሰዋል። ወለሉ ከረጠበ በኋላ አንቺ “አገኘሁት” ትያለሽ። የረጠበ ወረቀት መሰጣት አለበት፤ ማንም ያውቃል።

አውቃለሁ፣ አንቺን እንዲህ ያለ ነገር አድርጊ ማለት ልጅሽን ምቺ እንደማለት ነው። ግን ውሃ ይደርቃል፣ ዊኒ። እሳት አይደርቅም።

ይህንንም አቃጥዪው። ሲያልቅ “የእማ ጉልበት ተሽሏታል” ብለሽ ጻፊልኝ፤ ይገባኛል።

ዴሊያ


ድረምኪል
ኦገስት 20 ቀን 1922

ውድ ዴሊያ፣

የእማ ጉልበት ተሽሏታል።

ይህም በታርፒ ልጅ እጅ ስለሚመጣ የቀረውን እነግርሻለሁ። እንዳልሽኝ አደረግሁ። እሑድ ጠዋት ማንም ሳይኖር ገባሁ፤ መፍቻው ሁለቴ ወደቀብኝ፤ ሲወድቅ ከተማው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። መንጠባጠብ ጀመረ። ቅዳሴ ደርሼ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ወለሉን ቢያርስ ነው ብዬ ነበር። ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወታደሮቹ ድልድዩን ዘግተውታል። መንገድ ላይ ተኩስ ነበረ አሉ። ከምእመናኑ ጋር ግንብ ተደግፌ ከሰዓቱን በሙሉ ቆምኩ። ሴቶቹ “አይዞሽ፣ እናትሽ ደህና ትሆናለች” እያሉ ያጽናኑኛል። እኔ የውሃው ድምፅ ነበር የሚሰማኝ።

ስደርስ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው። የጮህኩት እውነተኛ ጩኸት ነበር፤ ለማስመሰል ያሰብኩት ሁሉ አላስፈለገኝም።

ሰው መጣ፣ ዴሊያ። ገበሬዎቹ ጋሪ ይዘው መጡ። ሚስተር ፌዘርስተን ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ውሃው ውስጥ ገብተው መዝገብ በደረታቸው አቅፈው ያወጡ ነበር። ገዳሙ የሣር ማከማቻውንና የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ሰጠን። የአገር ሰው የመሬት ውል ከአንሶላ ጋር በገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። የገዳሙ አለቃ እማሆይ ቤኒግነስ፣ አንዲት መነኩሴ “የጳጳሱ አንሶላ የት ይሰጣ?” ብትላቸው “ጳጳሱ አንድ ሌሊት ያለ አንሶላ ቢተኙ አይሞቱም” አሏት። በዚያ ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ላይ ላይ የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል። የታችኛው መደርደሪያ ግን አልተረፈም። የድሆች መጠለያው መዝገቦች ናቸው፤ ድሮም ለእነሱ ማንም ጥሩ ቦታ አልሰጣቸውም። ሳነሳቸው እንደ ገንፎ በጣቴ መሃል ሾለኩ። በረሃቡ ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ስማቸው የተጻፈው እዚያ ብቻ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። እሳቱ አይደለም፣ እኔ።

ሻምበል ብሬስናን የሚባለው የወታደሮቹ አዛዥ ቧንቧውን ጎንበስ ብሎ አየና “ይህን የነካው ማን ነው?” አለ፣ እኔን እያየ። ሚስተር ፌዘርስተን ናቸው የመለሱት፤ “ያ ቧንቧ በስብሷል ብዬ ለምክር ቤቱ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። የሚሰማ ጠፋ እንጂ” አሉት፣ በቁጣ። ሻምበሉ ሄደ። እሳቸው ግን ቆዩ። መነጽራቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው፣ “ወይዘሪት ዊኒ፣ እጅጌሽ ላይ ዝገት አለ፤ ቤት ሄደሽ እጠቢው” አሉኝ። እስከ ዛሬም ነገሩን አላነሱትም።

ወታደሮቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ ይባላል። ማላኪን ቤት መጥቶ ዳቦ ከበላበት ቀን ወዲህ አላየሁትም።

ዊኒ


ሊቨርፑል
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1922

ዊኒ፣

እዚህ ጋዜጣ ላይ ወጣ። “የድረምኪል ፍርድ ቤት ተቃጠለ፣ ጣሪያው ወደቀ” ይላል። አራት መስመር ብቻ ነው። የሞተ ሰው ይኑር አይኑር አይልም።

ስለ መዝገቦቹ ሁለት ገጽ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ወንድማችን አንድ መስመር። በማግስቱ የታርፒን ልጅ ወደብ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። “አላውቅም” አለኝ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ። ሲለየኝ ግን “ማክኒፍ ሰው ይዞ እየመረመረ ነው ይባላል” አለና ሮጠ።

ያን መላ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሆነ ነገር ሆኖ ከሆነ እኔ ነኝ ያስያዝኩት። የእማን ጉልበት፣ የአንሶላውን፣ የጳጳሱን ወሬ አልፈልግም። አለ ወይስ የለም? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ዴሊያ


ድረምኪል
ኦክቶበር 3 ቀን 1922

ዴሊያዬ፣

አለ። በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን አንብቢና ተቀመጪ፣ ከዚያ የቀረውን ታነቢያለሽ። ፖስተኞቹ ሥራ አቁመው ስለነበር፣ የታርፒም ልጅ ፈርቶ ስለጠፋ ነው ይህን ያህል ያሰቃየሁሽ፤ ይህን ወደ ሊቨርፑል የምትሻገር መነኩሴ ናት የምታመጣልሽ። ይቅር በይኝ።

ፍርድ ቤቱ በተቃጠለ በማግስቱ ማክኒፍ ገዳሙ ድረስ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ከብት ሊገዛ የመጣ ነጋዴ መስሎ። እኔ ሣር ማከማቻው ውስጥ ገጽ እየገለጥኩ ነበር። ማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ መናገርም አላስፈለገው።

“ደህና ዋልሽ፣ የኔ እመቤት፣” አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። “ዕድለኛ መዝገቦች ናቸው። እሳቱ ከመምጣቱ በፊት ወጡ።”

“ቧንቧ ፈንድቶ ነው” አልኩት።

“ወንድምሽም እንደዚያው ነው የሚለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አልወጣውም። የከብት በረት ውስጥ አስሬዋለሁ።” ከዚያ ጠጋ አለኝ። “ማን ነገረሽ?”

ዴሊያ፣ የያዝኩትን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የነበሩት ከታችኛው መደርደሪያ የወጡት ናቸው፤ መጣል አቅቶኝ ሣር ላይ የደረደርኳቸው። እሱም ቁጢጥ አለና አንዱን አነሳ። በእጁ ላይ ተቆረሰ።

“ይሄ ምን ነበር?”

“የድሆች መጠለያው። የረሃቡ ዘመን” አልኩት፤ ከዚያ ልቅሶዬን ማቆም አልቻልኩም። ለእሱ ብዬ አልነበረም ያለቀስኩት። ለብዙ ቀን ያመቅሁት ነው፤ እየጮህኩ፣ እንደ እብድ።

ቁራሹን ከወሰደበት ቦታ፣ እንደነበረው አድርጎ መለሰው። “ይህን አውቆ የሚያደርግ ሰው የለም” አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። እጁን በሱሪው ጠረገና ወጣ።

በዚያው ምሽት ማላኪን ለቀቀው። ማላኪም ወደ ቤት ሲመጣ ድልድዩ ላይ የሻምበል ብሬስናን ወታደሮች ያዙት። አሁን እስር ቤት ነው። ቄሱ አይተውታል፤ ጢሙን ተላጭቷል፣ ይበላል። እማ “ታስሯል” ስላት “የት?” አለችኝ፤ ስነግራት አማተበችና “ቢያንስ የት እንዳደረ ይታወቃል” አለች። እኔም ከጁን ወዲህ ያንን ሌሊት ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እንግዲህ ነይ እንዳትይኝ። አሁን መዝገብ ቤቱ ገዳሙ ነው፣ የቀረውም ሠራተኛ እኔ ነኝ። ሚስተር ፌዘርስተን ቤልፋስት እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ባቡር ጣቢያ ሸኘኋቸው። እጄን ጨብጠው ጥቂት ያዙትና “ጥሩ ጠባቂ ነሽ” አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አስባለሁ።

ፍርሃቱ ግን አለቀ ብዬ አልዋሽሽም፤ ዓይነቱን ነው የለወጠው። ትናንት ታዲ መልቪ የሚባሉ ሽማግሌ ከተራራው ሥር በእግራቸው መጡ። ለጡረታ ማስረጃ ነው። እናታቸው በድሆች መጠለያው ውስጥ ነው የወለደቻቸው፤ “እዚያ ተጽፎ አለ፣ ቄሱ ድሮ አይተውልኛል” አሉኝ። መዝገቡ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሣር ላይ ነው፣ ቆርፍዷል።

“አባባ፣ በውሃ ተበላሽቷል” አልኳቸው።

ጆሯቸው አይሰማም፤ ደግሜ እንድጮህ አደረጉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። “አይዞሽ፣ ልጄ። አንቺ ምን ታደርጊ? ያንቺ ጥፋት አይደለም” አሉኝ።

ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ማላኪ ገና እስር ቤት ነው፣ ማክኒፍም ገና ተራራ ላይ ነው። ምናልባት መቼም አልችል ይሆናል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁ፣ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከርኩት።

“የእናትዎ ስም ማን ነበር?” ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ።

“ኦኖራ” አሉኝ። “ኦኖራ መልቪ። ቀስ ብለሽ ጻፊው፣ ልጄ፣ ከዚያ መዝገብ ሌላ ስሟን የጻፈላት የለም።”

እህትሽ ዊኒ